በሚካኤል ዕለት የወጣችው ጀልባ

ስልክ በጠራ ቁጥር የትነበርሽ መጀመሪያ የምታስበው ማን እንደ ሞተ ነው። ልጇ እስከዳር ከሥራ ዐሥር ደቂቃ ከዘገየች ባጃጅ ተገልብጧል ማለት ነው። ጎረቤት በሩን ሳያንኳኳ ከገባ እሳት ተነሥቷል ማለት ነው። የሰፈሯ፣ የጎንደሯ ሳሙና በር ሰዎች በዚህ ይስቁባታል፤ እሷ ግን የራሷ ምክንያት አላት። ባሏ ዳኛው የሞተ ዕለት ምንም አልታያትም ነበር። ሸሚዙን ተኩሳ፣ ቁርሱን አብልታ፣ ዝናብ ይመጣል ብላ ጃንጥላውን አስይዛ ሸኘችው። ከቀትር በፊት ልቡ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ክፉውን ሁሉ አስቀድማ ታስባለች። ያሰበችው እንደማይደርስ፣ የሚደርሰው ያላሰበችው እንደሆነ በልቧ ይዛለችና፣ ምንም ሳይታሰብ እንዳያመልጣት ትጥራለች።

ያም ሆኖ ባለፈው ክረምት መግቢያ አንድ ነገር አመለጣት፤ እሱም በጣና ላይ መጣ።

ታላቅ ወንድሟ አላምረው ጎርጎራ ላይ የሞተር ጀልባ አለው። መንገደኛና እህል ወደ ደልጊ ያመላልሳል፤ በበዓል ሰሞን ደግሞ ተሳላሚዎችን ወደ ገዳማቱ ያደርሳል። ሰኔ ዐሥራ ሁለት ቀን፣ የሚካኤል ዕለት፣ እህል አድርሶ ባዶውን ሲመለስ ከሰዓት በኋላ ድንገት ነፋስ ተነሣ። ማዕበሉ ጀልባዋን ገፍቶ ገፍቶ ከዳር ካለ ዐለት ጋር አላተማትና ሆዷን ሰነጠቃት። እሱ ዋኝቶ ወጣ። እሷ አፍንጫዋን ብቻ ከውሃው አውጥታ ቀረች።

ጀልባዋ ኢንሹራንስ ነበራት። የጀልባ ባለቤቶቹ ማኅበር ሁሉም እንዲገባ አስገድዶ ነበር። ካሳ ለመጠየቅ ግን ማመልከቻ ያስፈልጋል። አላምረው ደግሞ ፊርማውን እንጂ ሌላ መጻፍ አይሆንለትም። ስለዚህ ጎንደር መጥቶ እህቱ ዘንድ ተቀመጠ። የትነበርሽ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች፣ የእጅ ጽሑፏ ያማረ ሴት ናት፤ የሰፈሩ ማመልከቻ ግማሹ ከእጇ የወጣ ነው።

«አያ፣ ከነፋሱ እንጀምር» አለችው ወረቀቱን አስተካክላ።

«ነፋሱን ማን ላከው?» አለ አላምረው። «በሚካኤል ቀን እህል ጭኜ የወጣሁት እኔ። መጀመሪያ የኔን ጥፋት ጻፊ። ኃጢአቴን ደብቄ የተቀበልሁት ካሳ ምን ይባረክልኛል?»

አልተከራከረችውም። በአገሩ መከራ የደረሰበት ሰው እንዲህ ነው የሚናገረው፤ አፉን ሲከፍት ነፋስና ድንጋይ የሚቆጥር ሰው ትዕቢተኛ ይባላል። እሱ እየተናገረ እሷ እያሳመረች ጻፈች። «የመልአኩን በዓል አቃልዬ ወደ ሥራ በመውጣቴ፣ በራሴ ጥፋትና በኃጢአቴ ብዛት ጀልባዬ የተሰበረች መሆኑን በትሕትና አምናለሁ» አለ ማመልከቻው። ይህን በሚመስል አነጋገር ግማሽ ገጽ ሄደ። ነፋሱና ዐለቱ ከታች፣ ከፊርማው በላይ፣ በአንድ መስመር ተጠቀሱ። አላምረው ተነብቦለት ሲያበቃ እንባው መጣ። ሸጋ አድርገሽ ጻፍሽው ብሎ መረቃት።

ማመልከቻው ገብቶ መልሱ ሳይመጣ ክረምቱ አለፈ። በመስከረም እስከዳር ሥራ አገኘች።

እስከዳር ኮምፒውተር ተምራ ከተመረቀች በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ቤት የተቀመጠች ልጅ ናት። የቀጠራት ፒያሳ ላይ ቢሮ ያለው አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ነው፤ አላምረው ማመልከቻውን ያስገባበትም ይኸው ድርጅት ነበር። አለቃዋ፣ የካሳ ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ፈትሂያ፣ ከድሮ ጀምሮ በንግድ ከሚታወቁት የጎንደር እስላም ቤተሰቦች የተወለደች ናት። ማኅተሙ የተንጋደደ ደብዳቤ ትመልሳለች ይባልላታል። ድርጅቱ ከጣና ዙሪያ ከጀልባ ባለቤቶች የመጡ የስምንት ዓመት ማመልከቻዎች ነበሩት፤ ከሦስት መቶ በላይ። ጀልባዎቹን የሚሰብራቸው ምን እንደሆነ ግን ደምሮ ያየ ሰው አልነበረም። ፈትሂያ እስከዳርን ጠርታ፣ ኮምፒውተሩ ደብዳቤዎቹን አንብቦ በምክንያታቸው እንዲለያቸው አድርጊ አለቻት። አምስት ክምር ይሁን፤ ከተፈጥሮ የመጣ፣ የሞተር ብልሽት፣ እሳት፣ ከሌላ ጀልባ ጋር ግጭት፣ የባለቤት ጥፋት። ገና መልስ ካላገኙት ውስጥ ወደ መጨረሻው ክምር የገቡት ካሳ አይከፈልም የሚል ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። ለቀሩት ጉዳቱን የሚያይ ባለሙያ ይላካል።

ችግሩ ኮምፒውተሩ የእጅ ጽሑፍ አለማንበቡ ነበር። እስከዳርም ብትሆን የሽማግሌዎቹን ጽሑፍ መለየት አቃታት። ፈትሂያ ፈቀደችና ስምና አድራሻው በጥቁር ተሸፍኖ ኮፒው ወደ ቤት መጣ። እናት እያነበበች ልጅ በኮምፒውተር እየመታች አምስት ሳምንት ፈጀ።

በመጀመሪያው ቀን እስከዳር አንድ ነገር አሳስባ ነበር። «እማዬ፣ የአጎቴም ደብዳቤ እዚህ ውስጥ ይኖራል። ስትደርሺበት እንደ ሌላው አንብቢው። የትኛው እንደሆነ እንዳትነግሪኝ፣ ማወቅ የለብኝም።»

የትነበርሽ በልጇ ኮራች፤ ወዲያውም ፈራች። የገዛ ጽሑፏ ከፊቷ የመጣ ዕለት በወረቀቱ ራስ ላይ ያለውን ቁጥር በዓይኗ ያዘች። ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት። ድምፅዋን ሳትለውጥ አነበበችው። ኃጢአት የሚለው ላይ ብቻ አሳለች፤ እስከዳር ቀና ሳትል መታችው።

ኮምፒውተሩ እንዴት እንደሚለይ ልጅቷ ስታስረዳት ቀላል አድርጋ ነው የነገረቻት። መጀመሪያ ከደብዳቤዎቹ መቶውን ራሷ ለየችና ይህ የዚህ ነው፣ ያ የዚያ ነው ብላ ሰጠችው። እሱ ደግሞ የትኛው ቃል ከየትኛው ክምር ጋር እንደሚውል አይቶ የቀሩትን ራሱ ይመድባል።

«ታዲያ የተጻፈው ይገባዋል?»

«አይገባውም እማዬ። ይቆጥራል።»

እሮብ ዕለት እስከዳር ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ እየሳቀች ገባች። ሥራው አልቋል። አምስቱን ክምር አትማ ይዛ መጥታለች፤ የፊደል ግድፈት ካለ እናቷ እንድታይላት ነው። አርብ ከሰዓት ለፈትሂያ ታቀርባለች። ከሁሉም ያስገረማት የመጨረሻው ክምር ነበር።

«ሰባ አንድ ሰው» አለች ጫማዋን እያወለቀች። «ሰባ አንድ ሰው ራሱ ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ጽፏል። ካሳ እየጠየቀ እኮ ነው። እንዲህ ያለ ሐቀኛ ሕዝብ የት አገር ይገኛል?»

የትነበርሽ አልሳቀችም። ልጅቷ ልትታጠብ ስትወጣ ወረቀቱን ገለጠች። ከላይ ወደ ታች በጣቷ እየተከተለች ሄደች። ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት እዚያ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በጭንቅላቷ ውስጥ ሆነ። ብትናገር፣ እስከዳር ለአጎቷ አዳላች ይባላል፤ ትባረራለች፤ ሁለተኛ የሚቀጥራት ቢሮ አይኖርም። ዝም ብትል፣ አላምረው ካሳ የለህም የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል። በስድሳ ዓመቱ የሰው ጀልባ ላይ ገመድ ሳቢ ይሆናል። ያን ሁሉ ያመጣው ደግሞ የሷ እጅ፣ የሷ ያማረ ጽሑፍ። ይበልጥ ያንገበገባት ሌላ ነበር፤ አላምረው ደብዳቤው ቢደርሰው አንድ ቃል እንደማይናገር ታውቃለች። ሚካኤል የቀጣኝ ገና አልበቃውም ብሎ ይቀበለዋል።

ሐሙስ ጠዋት እስከዳር ሥራ ስትሄድ የትነበርሽ በርጩማዋን ደጅ አውጥታ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። እርሳስ ያዘች። የፊደል ግድፈት ልትፈልግ አልነበረም፤ ወንድሟ ከእነማን ጋር እንደ ተቆጠረ ልታይ ፈለገች እንጂ። ሰካራሞች ከሆኑ፣ ግዴለሾች ከሆኑ፣ ቢያንስ ታውቀው።

የመጀመሪያው ሰው በኪዳነ ምሕረት ዕለት መረብ ጥሏል፤ ስለዚህ በጥፋቱ ጀልባው ሰጠመ። ሁለተኛው እሑድ እንጨት ጭኗል። ሦስተኛው ለጊዮርጊስ የተሳለውን ሳያገባ ሁለት ዓመት አልፎታል። አራተኛው የአባቱን ተዝካር አላወጣም። የትነበርሽ ማስመር ጀመረች። ኑዛዜውን አልፋ ወደ ታች ስትወርድ ሁሉም ዘንድ፣ ብዙ ጊዜ ከፊርማው በላይ፣ አንዲት መስመር ታገኛለች። ነፋስ። ዐለት። የተበጠሰ ገመድ። አንዱማ ጉማሬ ነው ጀልባውን የገለበጠበት፤ እሱ ግን እሮብን ስላልጾመ መሆኑን አምኖ ገጽ ሙሉ ጽፎ፣ ጉማሬውን በመጨረሻ በስድስት ቃል አንሥቶታል።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ሰባ አንዱን ጨረሰች። እውነተኛ ጥፋተኛ ሆኖ ያገኘችው ዘጠኝ ሰው ነው። አንዱ ጠጥቷል፣ አንዱ ከልክ በላይ ጭኗል፣ የቀሩትም እንደዚሁ። ስድሳ ሁለቱ ግን የአላምረው የኑዛዜ ወንድሞች ነበሩ። ኮምፒውተሩ ከእነዚያ ከዘጠኙ ጥቂቶቹ «ጥፋቱ የኔ ነው» ሲሉ አይቶ፣ እንዲህ የሚለውን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ላይ አጉሯል።

ወረቀቱን ልታጥፍ ስትል አንድ ነገር ትዝ አላት። አምስት ሳምንት ስታነብ አላህ የሚል ደብዳቤ ብዙ አንብባለች። እዚህ ክምር ውስጥ ግን አንድም የለም። ከተፈጥሮ የመጣ የሚለውን ክምር ሳበችና ገለጠች። ሁሉም እዚያ ነበሩ፤ ኮምፒውተሩ አላህ የሚለውንም ቃል ከነፋሱ ጋር ቆጥሮታል። በአላህ ውሳኔ፣ ከአላህ በመጣ ቀደር፣ አላህ እንደ ጻፈው። አንዱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሰውዬው ሦስት ቀን ሙሉ ሞተሩን ያለ ዘይት ሲነዳ ከርሞ፣ በአራተኛው ቀን በአላህ ውሳኔ ሞተሩ ተቃጠለ ይላል። ምክንያት፣ ከተፈጥሮ የመጣ።

እርሳሱ ከእጇ ወደቀ። ልጇ ጀልባዎቹን ለየሁ ብላ፣ ሳታውቀው ሰዎቹን በሃይማኖት ለይታ አስቀምጣለች። ኃጢአቴ ያለው ወገን ጥፋተኛ፣ አላህ ያለው ወገን ንጹሕ። ይህ ወረቀት ከቢሮ ቢወጣ ምን ይባላል? ስለ ወይዘሮ ፈትሂያስ ምን ይባላል? ለወገኖቿ አደላች ይሏታል፤ እሷም ይህን ያመጣችብኝ ይህች ልጅ ናት ትላለች። ልጅቷ ትታሰራለች። የትነበርሽ በሐሳቧ ልጇን እስር ቤት አስገብታ ስንቅ ማመላለስ ጀምራ ሳለ ስልኳ መልእክት አሰማ። ከእስከዳር ነው። ወይዘሮ ፈትሂያ ነገ ስለማትኖር ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አቅርቢ ተብላለች፤ እናቷ እንድትጸልይላት ትለምናለች።

ደወለችላት፤ አይሠራም። ደግማ ደወለች። ከዚያ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ በሩን ቆልፋ፣ መቆለፉን ለማየት ተመልሳ፣ ባጃጅ ያዘች። ፒያሳ እስኪደርሱ ድረስ የባጃጁን ልጅ ቀስ በል ስትለውም ቶሎ በል ስትለውም ነበር።

ፎቁን ወጥታ የፈትሂያን በር ስትከፍት እስከዳር ቆማ ስለ ሰባ አንዱ እየተናገረች ነበር። እናቷን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። የትነበርሽ ልጇን ወደ ውጭ ጠርታ በጆሮዋ ልትነግራት ነበር ያሰበችው። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ወይዘሮ ፈትሂያ፣ ቁጥር ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት የወንድሜ ነው። የጻፍኩለትም እኔ ነኝ። ልጄ አታውቅም። እሱን ይተዉትና ሌሎቹን ይመልከቱልኝ።»

ፈትሂያ መነጽሯን አውርዳ አየቻት። ወንበር አመለከተቻት። ወረቀቱን ተቀብላ ያሰመረችበትን ከላይ ወደ ታች ማንበብ ጀመረች። የትነበርሽ ይህ ሲነበብ የቤት ኪራዩን፣ የልጇን ሠርግና የራሷን ቀብር አሰበች። ፈትሂያ ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆማ ወደ ኋላ ተመለሰች። ጉማሬው ዘንድ ስትደርስ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሌላውን ክምር አነሣች። ዘይት የሌለውን ሞተር አንብባ ስትጨርስ ጠረጴዛዋ ላይ አቀርቅራ ሳቀች፤ ሰውነቷ እስኪርገበገብ።

«አባቴ ቁጭ ብሎ የጻፈው ነው የሚመስለው» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ፍሬኗ ያልተሠራ ማኪና ይዞ ከአይከል ሲመለስ ገደል ገባ። እግሩ ተሰብሮ ተኝቶ፣ ለጠየቀው ሁሉ ቀደር ነው ይላል። እናቴ ደግሞ ከጓዳ ሆና፣ ቀደሩስ ቀደር ነው፣ ፍሬኑስ ትለዋለች።»

የትነበርሽ ሳትፈልገው ሳቀች። እስከዳር አልሳቀችም፤ ቆማ እያለቀሰች ነበር። ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች። ፈትሂያ እጇን አንሥታ አስቆመቻት።

«አላጠፋሽም አልልም» አለቻት። «የለየሻቸውን መቶ ደብዳቤዎች ግን እኔም አይቼ ፈርሜበታለሁ። እዚሁ ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ሴት ነኝ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም እንዴት እንደሚናገር የማውቅ። አላየሁትም። እናትሽ አየችው።» ወደ የትነበርሽ ዞረች። «እትዬ፣ ይህ ሳይታይ ዛሬ ወደ ዋናው ቢሮ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚከተል ያውቃሉ?»

የትነበርሽ በደንብ እንደምታውቅ፣ በመንገድ ላይ ሁሉንም አንድ በአንድ ስታየው እንደመጣች ተናገረች።

የተወሰነው እዚያው ነው። ሪፖርቱ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ኮምፒውተሩ አዲስ ይማራል፤ መጀመሪያ ሰውዬው አምላኩን የሚናገርበትን መስመር ለይቶ ወደ ጎን ያድርግ፣ ከዚያ የቀረውን አንብቦ ይመድብ። ለመማሪያ የሚሆኑትን መስመሮች የሚያሰምሩለት እትዬ የትነበርሽ ናቸው፣ በአበል። ከእንግዲህ ደግሞ ሰው ሄዶ ሳያይ ለማንም ካሳ የለህም አይባልም። ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ከእስከዳር እጅ ወጥቶ፣ ማንንም የማያውቅ ባለሙያ ከባሕር ዳር ይላክበታል። ያ ባለሙያ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ፈትሂያም ማወቅ አትችልም።

በባጃጅ ወደ ቤት ሲመለሱ እስከዳር የእናቷን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ነበር። «እማዬ፣ አሁን የምትፈሪው ምን ቀረሽ?»

«ባጃጁ» አለች የትነበርሽ፤ በግራ እጇ ብረቱን እንደ ጨበጠች።

ሁለቱ ሳምንታት አለፉ። በአዲሱ አመዳደብ የባለቤት ጥፋት የሚለው ክምር ወደ ዐሥራ አራት ወረደ፤ ሞተሩን ዘይት ያላጠጣው ሰውዬም አርፎ እዚያ ገባ። ትልቁ ክምር የነፋስና የዐለት ሆነ። እስከዳር ቀኑንና ቦታውን ስታስተያየው ብዙዎቹ በሰኔና በሐምሌ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በሁለት ሦስት ቦታዎች ብቻ የተሰበሩ ናቸው። ፈትሂያ ዐለቶቹ ላይ ምልክት እንዲቆም ለማኅበሩ ጻፈች። የትነበርሽ ይህን ሁሉ ሰምታ ደስ አላት፤ ደስታዋ ግን ግማሽ ነበር። የጎርጎራው መልስ አልመጣም። ባለሙያው መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል፤ ወይም ደርሶ ጀልባዋን ውሃ ወስዷት አጥቷታል፤ ወይም አላምረው ራሱ አፉን ከፍቶ ሁሉን አበላሽቶታል። ከሦስቱ ይህን የመጨረሻውን ይበልጥ ፈራችው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ስልኳ ጠራ። የአላምረው ቁጥር ነው። ማን እንደ ሞተ ለመስማት ተዘጋጅታ አነሣችው።

«የትነብ፣ ሰውዬው መጥቶ ነበር» አለ አላምረው። ድምፁ በነፋስ ውስጥ ይመጣል፤ ሐይቁ ዳር ቆሞ ነው።

«እህ?»

«ዐለቱን ለካ። የጀልባዋን ሆድ እያገላበጠ አየ። የዚያን ዕለት የነበሩትን ሁሉ ጠየቀ። ነፋስና ዐለት ብሎ ጽፎ አስፈረመኝ። በካሳው ትሠራለች ብለውኛል፤ ጣውላው ታዟል።»

የትነበርሽ ግድግዳውን ተደገፈች። «አንተስ ምን አልኸው፣ አያ? ዝም አልህ?»

«ምነው ዝም እላለሁ? እንዳይሳሳት ብዬ ነገርሁት እንጂ። የሚካኤል ቀን መሆኑን ጻፍልኝ አልሁት።»

ዓይኗን ጨፈነች። «እሱስ?»

«እሱን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፣ እኔ ዐለቱን ልለካ ነው የመጣሁት አለኝ።»

«ታዲያ ነገርሃቸው?»

«ለአባ ወልደኢየሱስማ በሰኔ ነው የነገርኋቸው። አርባ ስግደት ሰጡኝ፣ ጨርሼዋለሁ። ያ አልቋል፣ ይኼም አለቀ።»

የትነበርሽ ሌላ ነገር እስኪከተል ጠበቀች። ከእንዲህ ያለ ዜና ኋላ ሌላ መምጣቱ አይቀርም። ሌላስ ምን አለ ብላ ጠየቀችው፤ አላምረው ትንሽ አሰበና፣ ሌላማ ምን አለ፣ ሁሉም ሸጋ ነው፣ ዓሣው ብቻ ዘንድሮ አንሷል አላት። ከዚያ ስለ ዓሣው ማውራት ጀመረ። ረጅም አወራ። እሷም በርጩማዋን በእግሯ ስባ ተቀመጠችና ስለ ዓሣ፣ ስለ ጣውላ ዋጋ፣ ስለ ጀልባዋ አዲስ ቀለም፣ የሚነግራትን ሁሉ እየሳቀች ሰማችው። አረንጓዴ ይሁን አለችው።

እስከዳር ከገበያ ሃያ ደቂቃ ዘግይታ መጣች። ሩጫ ይዛ፣ በር ላይ ቆማ የምትጠብቃትን እናቷን የምታረጋጋበትን ቃል ከወዲሁ አዘጋጅታ ነበር። በሩ ላይ ግን ማንም አልነበረም፤ ከውስጥ የእናቷ ሳቅ ይሰማል።